አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከመግዛት በፊት የጎደለውን ዕቃ ዋጋ ማወቅ

የድሮ ሞተር ብስክሌቶችን ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሕንድ ራሱን የቻለ ንግድ ከሆነ ቆይቷል። ደላላው፣ ጋራዡ፣ የመለዋወጫ ነጋዴውና ሰብሳቢው የየራሳቸው ድርሻ ያላቸው ገበያ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ገበያ የሚከስሩ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከስሩት በሞተር ብስክሌቱ ዋጋ ሳይሆን በመለዋወጫው ዋጋ ነው። በርካሽ የተገዛ ጎዶሎ ሞተር ብስክሌት፣ የጎደለው ሁሉ ተሟልቶ ሲያበቃ፣ መጀመሪያውኑ ሙሉ ሆኖ ከሚሸጠው በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን መረዳት ሞተር ብስክሌት ለሚነግዱ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ስሌቱ ምን ይመስላል?

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተጓዳኝ ሸቀጦች የሚባሉ አሉ። አንዱ ያለሌላው ጥቅም የማይሰጥ ማለት ነው። አንድ ሞተር ብስክሌት በዚህ ዓይን ሲታይ ብዙ ተጓዳኝ ዕቃዎች የተሰበሰቡበት ሸቀጥ ነው። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ጎማውና ፋናሌው ሁሉ ኖረው ካርቡራቶሩ ብቻ ቢጎድል፣ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል ሙሉ የሆነ አንድ የድሮ ሞተር ብስክሌት በገበያ ላይ 100 ያወጣል እንበል። ይኸው ዓይነት፣ ነገር ግን የተፈታና ዕቃ የጎደለው፣ በ45 ቀረበ። ገዢው 55 ያተረፈ ይመስለዋል። ሰርባቶዮው 20፣ ማርሚታው 15፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው 12፣ ካርቡራቶሩ 10፣ ማጓጓዣና ቀረጥ 8 ቢሆን ተጨማሪው ወጪ 65 ይሆናል። ጠቅላላው 110 ደረሰ ማለት ነው። የመካኒክና የቀለም ዋጋ፣ እንዲሁም ገንዘቡ ታስሮ የቆየበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ የመጨረሻዋ ዕቃ ነች። ገዢው ገንዘቡን ሁሉ አፍስሶ አንዲት ዕቃ ብቻ ስትቀረው የዚያች ዕቃ ባለቤት የዋጋውን ልጓም ይይዛል። ገዢው እምቢ ቢል ያፈሰሰው ሁሉ ቆሞ ስለሚቀር የተጠየቀውን ይከፍላል። በመሆኑም ልምድ ያለው አዳሽ ቀላሉን ሳይሆን ከባዱን ዕቃ አስቀድሞ ይፈልጋል። ካንዴላ፣ ካቴና፣ ካላማዳሪና ኩሽኔታ በማናቸውም ጊዜ ይገኛሉ። ሰርባቶዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታና የሞተር ሽፋን ግን ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ አስቀድመው መረጋገጥ አለባቸው።

አምራቹ ቢዘጋም ዕቃው ላይጠፋ ይችላል

ብዙ ገዢዎች ፋብሪካው የተዘጋበትን ሞተር ብስክሌት ይሸሻሉ። ይህ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ወሳኙ ነገር የአምራቹ በሕይወት መኖር ሳይሆን ማምረቻ መሣሪያው የት እንደ ደረሰና ስንት ማሽን ዛሬም በሥራ ላይ እንዳለ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሮያል ኢንፊልድ ነው። ኩባንያው በእንግሊዝ ሬዲች ከተማ የተመሠረተ ሲሆን ቡሌት የተባለውን ሞዴሉን በ1955 በሕንድ ማድራስ ማገጣጠም ተጀመረ። ቆይቶም ሙሉ በሙሉ እዚያው ማምረት ተቻለ። በእንግሊዝ የነበረው ምርት በ1970 ገደማ ሲቋረጥ የሕንዱ ፋብሪካ ግን ሥራውን ቀጠለ። የድሮው ዓይነት ሞተር እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሕንድ ውስጥ ይመረት ስለነበር፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለተሠራ የእንግሊዝ ቡሌት የሚሆን ብዙ ዕቃ ዛሬም ከሕንድ ይገኛል። ሁሉም ዕቃ ግን ልክ አይገባም። ሕንዶች በየጊዜው ለውጥ ስላደረጉበት ከማዘዝ በፊት መለካት ያስፈልጋል።

የጣሊያኑ ላምብሬታ ስኩተርም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ሚላኖ የነበረው የኢኖቼንቲ ፋብሪካ ከ1947 ጀምሮ ሲያመርተው ቆይቶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አቆመ። ማምረቻ መሣሪያውን የሕንድ መንግሥት ገዝቶ በላክናው ከተማ ስኩተርስ ኢንዲያ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ይህ ድርጅት እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ስኩተሩን ስላመረተ፣ ለኋለኞቹ የጣሊያን ሞዴሎች መለዋወጫ ሳይጠፋ ኖረ።

በሌላ በኩል ስሙ በሕይወት ያለ ኩባንያ ዕቃ ያቀርባል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። የእንግሊዙ ትራያምፍ የሜሪደን ፋብሪካ በ1983 ሲዘጋ ስሙን ሌላ ባለሀብት ገዛው። በሂንክሊ ከተማም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ፍጹም አዲስ ሞተር ብስክሌቶች ማምረት ጀመረ። የሜሪደን ዘመን ሞተር ብስክሌት ባለቤት ዕቃውን የሚያገኘው ለዚሁ ሥራ ከተቋቋሙ ነጋዴዎችና አነስተኛ አምራቾች ነው። ስም የገዛ ኩባንያ የድሮውን መለዋወጫ የማቅረብ ግዴታ አብሮ ገዝቷል ማለት አይደለም።

በሞተር ብስክሌቱ ስም ሳይሆን በአቅራቢው ስም መፈለግ

የድሮ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች ሁሉንም ዕቃ ራሳቸው አይሠሩም ነበር። በእንግሊዝ ትራያምፍም፣ ቢኤስኤም፣ ኖርተንም ካርቡራቶራቸውን ከአማል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃቸውን ከሉካስ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያቸውን ከስሚዝስ ይገዙ ነበር። ስለዚህ ‘የትራያምፍ ካርቡራቶር’ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ከጥቂት ሻጮች ጋር ይገናኛል። ‘አማል’ ብሎ በላዩ ላይ የተመታውን ቁጥር የሚጠቅስ ግን ገበያው ይሰፋለታል። አማል ካርቡራቶሮች ዛሬም በአዲስ ይመረታሉ።

ከዚህ የባሰ ትርፍና ኪሳራ የሚያመጣው የኩሽኔታ ጉዳይ ነው። ኩሽኔታ በዓለም አቀፍ ቁጥር የሚሸጥ ዕቃ ነው። 6204 የተባለው የውስጥ ስፋቱ 20፣ የውጭ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። የትም አገር ቢሠራ፣ ለውኃ ፓምፕም ይሁን ለሞተር ብስክሌት ቸርኬ፣ ልኩ አንድ ነው። በሞተር ብስክሌቱ ስም በታተመ ካርቶን ሲሸጥ ግን ዋጋው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ኩሽኔታ አጥቦ ቁጥሩን ማንበብ ወጪ የሚቀንስ ሥራ ነው። በኢንች የተሠሩ የድሮ የእንግሊዝ ኩሽኔታዎች ግን የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው በሚሊ ሜትሩ መተካት አይቻልም። የዘይት ጎሚኒም እንዲሁ በሦስት ልኬት፣ ማለትም በውስጥ ስፋት፣ በውጭ ስፋትና በውፍረት ይፈለጋል።

የጃፓን ሞተር ብስክሌት የሚያድስ ደግሞ የዕቃ ቁጥር ማንበብ መቻል አለበት። በድሮው የሆንዳ አሠራር ቁጥሩ በሦስት ክፍል የተጻፈ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 አሃዞች የዕቃውን ዓይነት፣ የመካከለኞቹ 3 አሃዞች ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ለውጡን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 300 የሚለው የመካከል ቁጥር በ1969 ለገበያ የቀረበው የሲቢ 750 ነው። ይኸው ቁጥር ያለበት ዕቃ በኋላ በወጡ ሞዴሎች ላይም ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ አንዱን ዕቃ ለብዙ ዓይነት ገዢ ያቀርባል። የማያውቀው ግን ‘የለም’ ብሎ ደንበኛውን ይመልሳል።

ሦስት ዓይነት ዕቃ፣ ሦስት ዓይነት ዋጋ

በዚህ ገበያ የሚቀርበው መለዋወጫ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከሌላ ሞተር ብስክሌት ላይ የተፈታ ያገለገለ ኦሪጂናል ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ነጋዴ ለዚህ እንግዳ አይሆንም። ተፈትቶ የሚሸጥ ተሽከርካሪ አንዳንድ ጊዜ ቆሞ ከሚሸጠው የበለጠ ገንዘብ ያመጣል። በእንግሊዝ ከ1967 አንስቶ የሚታወቀው የቢውሊ የአሮጌ ዕቃ ገበያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው በድሮ ጊዜ ተሠርቶ ሳይሸጥ በመጋዘን የቆየ አዲስ ዕቃ ነው። ዋጋው ከፍተኛ ነው፣ ለብረት ዕቃም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለጎማ፣ ለዘይት ጎሚኒና ለቤንዚን ቱቦ ግን ይህ አባባል ወጥመድ ነው። ላስቲክ በካርቶን ውስጥ ሆኖም ያረጃል። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ጎማዎች ላይ የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚናገሩ ገዢው ያንን ማንበብ አለበት። ያረጀ ጎማ በፍሬን ጊዜ የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው በቅርብ ጊዜ አስመስሎ የተሠራ ነው። ጥራቱ ከአምራች አምራች ይለያያል፣ ዋጋው ግን ከኦሪጂናሉ ያነሰ ነው። ለመንዳት ለሚገዛ ሰው ይበቃዋል። ለሰብሳቢ ለሚሸጥ ግን የእያንዳንዱ ዕቃ ኦሪጂናልነት ዋጋ ስለሚጨምር ልዩነቱ መታወቅ አለበት። ሻጭ አስመስሎ የተሠራውን በኦሪጂናል ስም ከሸጠ ንግድ ሳይሆን ማታለል ነው።

የብሎን ጥርስና የሥራ ቅደም ተከተል

ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ኪሳራ የሚያደርስ ሌላ ጉዳይ የብሎን ጥርስ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የዊትወርዝ ቤተሰብ የሆኑ ጥርሶችና ለብስክሌት ተብሎ የወጣው ደቃቅ ጥርስ ተደባልቀው ይገኛሉ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዩኒፋይድ የተባለው ቀስ በቀስ ገባ። የዊትወርዝ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ ሲሆን የሜትሪክና የዩኒፋይድ 60 ዲግሪ ነው። ‘ይቀራረባል’ ተብሎ የገባ ብሎን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ጠርጎ ይወጣል። የጥቂት ሳንቲም ብሎን ተተኪ የማይገኝለትን የሞተር ሽፋን አበላሸ ማለት ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ በፒስተን ጉዳይም ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ሲሊንደሩ ሲበላ ሰፋ ተደርጎ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል። ለእንግሊዝ ሞተሮች ልኩ 0.020 ወይም 0.040 ኢንች ተጨማሪ ተብሎ ይሸጣል። የጃፓኖቹ ደግሞ በ0.25 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይጨምራሉ። ሲሊንደሩን አስቀድሞ ቶርኖ ቤት ልኮ ማስፋት ስህተት ነው። ለዚያ ልክ የሚሆን ፒስተን ገበያ ላይ ባይገኝ መመለሻ የለውም። መጀመሪያ ፒስተኑ ከነፋሻው እጅ ይግባ፤ ሲሊንደሩ በእርሱ ልክ ይስፋ።

ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬው መታየት አለበት። በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ የትኛውም መለዋወጫ አያድነውም። ሻንሲና ሞተሩ ከፋብሪካ አብረው የወጡ መሆናቸው የተረጋገጠለት ሞተር ብስክሌት ከተገጣጠመው ይበልጥ ይፈለጋል።

ምን ይመከራል?

ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የጎደሉትንና የተሰበሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መመዝገብ ይኖርበታል። ከእነዚህም ውስጥ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠሩትን ለይቶ፣ ቢያንስ ከሁለት ሻጭ ዋጋ መጠየቅ አለበት። ለአንዷ ዕቃ እንኳ ሻጭ ካልተገኘ፣ ሞተር ብስክሌቱ ሊታደስ የሚችል ሳይሆን ለሌላው መለዋወጫ የሚሆን ተብሎ መተመን ይገባዋል። የመደራደሪያ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። ደላላም ቢሆን ‘ትንሽ ዕቃ ብቻ ነው የጎደለው’ ብሎ ከማሻሻጡ በፊት የጎደለችው ትንሿ ዕቃ የት እንዳለችና ስንት እንደምታወጣ ቢያውቅ ደንበኛውን ያቆያል። በዚህ ገበያ የሚያተርፈው ርካሹን ያገኘ ሳይሆን የጎደለውን አስቀድሞ የቆጠረ ነው።