ዕዳ ከሜዳ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አፓርታማ ልከራይ ያመለከትኩ ጊዜ፣ የቢሮው ሠራተኛ የኮምፒውተሯን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችው። የክሬዲት መዝገቤ ነው፤ 742 ዶላር፣ የመብራት ሂሳብ፣ ሂውስተን፤ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ጋር) ገብቷል ይላል። ሂውስተንን የማውቃት በዜና ብቻ ነው!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ከፍዬ መገላገልን ነበር። ባደግሁበት ቤት ዕዳና ፍርድ ቤት በሹክሹክታ ነበር የሚነሱት፤ ስም ከሚጠፋ ገንዘብ ይጥፋ ይባል ነበር። ብዙዎቻችሁም እንዲህ እንደምታስቡ አውቃለሁ። ግን የሰው ዕዳ ስትከፍሉ ስማችሁ አይጸዳም። መዝገቡ «ተከፍሏል» የሚል ቃል ይጨመርበትና ሰባት ዓመት እስኪሞላ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ያልበላችሁትን ከፍላችሁ፣ ያልበላችሁትን እንደበላችሁ ታምናላችሁ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስህተት እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀላሉ ያገኘናል። የቤተሰብ ስማችን ብዙ ጊዜ የአባታችን ወይም የአያታችን ስም ነው፤ በቀለ፣ ተስፋዬና ከበደ ደግሞ በየከተማው ሞልተዋል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ፊደል ይደርባል፣ ሌላው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ስንቶቻችን ነን ወረቀታችን ላይ ልደታችን ጃንዋሪ 1 የሆነው? ስምና ልደት ከተመሳሰለ የሌላው ሰው ሂሳብ እናንተ ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሌብነትም ሊሆን ይችላል፤ ሌሎች የማታውቋቸው ሂሳቦች ካያችሁ በፌዴራል መንግሥቱ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ ላይ አመልክቱ፣ ክሬዲታችሁንም አስቆልፉ። መቆለፉ በነጻ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ሕጉ ከእናንተ ጋር መሆኑ ነው። ከ1970 ጀምሮ የክሬዲት መዝገብን የሚገዛ የፌዴራል ሕግ አለ። መጀመሪያ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብታችሁ የሦስቱን የክሬዲት ቢሮዎች፣ የኤክዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አውጡ፤ በየሳምንቱ በነጻ ይሰጣሉ። ዕዳው በሦስቱም ላይ ካለ ለሦስቱም ጻፉ። አንዱ ሲያርም ሌላውም አብሮ ያርማል ብላችሁ አትተዉት።

የእኔ ደብዳቤ አምስት መስመር አልሞላም። «ይህ ሂሳብ የእኔ አይደለም። በሂውስተን ኖሬ አላውቅም። እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ» አልኩ። የመታወቂያዬን ኮፒ፣ ሂሳቡ በተከፈተበት ወቅት ሜሪላንድ መኖሬን የሚያሳይ የኪራይ ውልና ያ መስመር በብዕር የተከበበበትን የሪፖርት ገጽ አያያዝኩ። ልመናም ቁጣም አልጨመርኩም፤ ማስረጃው ይናገራልና። ፖስታ ቤት ሄጄ በሰርቲፋይድ ሜይል ላክሁት። ተቀባዩ የሚፈርምባት አረንጓዴ ካርድ ተመልሳ እጄ ስትገባ የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። መቀበላቸውን ከእንግዲህ ማንም ሊክድ አይችልም!

አብዛኛውን ጊዜ የክሬዲት ቢሮዎቹ በ30 ቀን ውስጥ መርምረው መልስ መስጠት አለባቸው፤ አንዳንዴ እስከ 45 ቀን ይራዘማል። ማረጋገጥ ያልቻሉትን ከመዝገቡ ማውጣት ግዴታቸው ነው።

ዕዳ ሰብሳቢው ስልክ ከደወለ አትደንግጡ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን አትስጡ፣ «ትንሽ ልክፈል» አትበሉ። «በጽሑፍ ላኩልኝ» በሉና ዝጉት። የዕዳውን ዝርዝር የያዘው ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወማችሁ፣ ማረጋገጫ እስኪልክላችሁ ድረስ ማስከፈሉን እንዲያቆም የ1977ቱ የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ያስገድደዋል።

የክሬዲት ቢሮዎቹ «አረጋግጠናል፣ የእርስዎ ነው» ቢሏችሁስ? ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ እናንተ ግን አትቁረጡ። ተጨማሪ ማስረጃ ይዛችሁ እንደገና ጻፉ፣ ለፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስገቡ። የሸማቾች ጠበቃም አማክሩ፤ ከሳችሁ ካሸነፋችሁ የጠበቃውን ወጪ ጥፋተኛው ወገን እንዲሸፍን ሕጉ ይፈቅዳል። እንግሊዝኛዬ አይበቃም የምትሉም፣ ከላይ ያሉትን የደብዳቤዬን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ልጃችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ በአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ ይጽፉላችኋል።

መልሱ በ26ኛው ቀን መጣልኝ። ፖስታውን መኪና ውስጥ እንደተቀመጥሁ ቀደድኩት፤ ከሂሳቡ ጎን «ተሰርዟል» ይላል። ያን ደብዳቤ ከአረንጓዴዋ ካርድ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጬዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕዳ ለሌላ ሰብሳቢ ተሸጦ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊያንኳኳ ይችላልና።