ውሃህን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ

ልጄ፣ ውሃን በፀሐይ ማከም የመንደር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲው አፍቲም አክራ መርምረው ያሳዩት ነገር ነው። አንተም ለሥራ አትሰንፍም፤ ጥንቃቄ ላይ ግን ትዘናጋለህና ረጋ ብለህ ስማኝ።

1. ጥርት ያለ ሃይላንድ ምረጥ። ከ2 ሊትር አይብለጥ፤ ባለቀለም ወይም የተጫጫረም አይሁን። ወረቀቱን ላጠው። ጀርሙን የሚገድለው ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው፤ እሱም ቢጫ ጀሪካን አልፎ አይገባም።

2. ድፍርስ ውሃ አታስጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሞላውን ሃይላንድ ጋዜጣ ላይ አቁመህ ከአፉ ወደ ታች ተመልከት። የርዕሱ ትልልቅ ፊደል ካልተነበበልህ ውሃው ገና ነው፤ አጥልለውና በንጹሕ ነጠላ አጣራው። ጭቃ ለጀርም ጥላ ነው። የክረምት ወንዝ ውሃ አድሮም ላይጠራ ይችላል፤ ያኔ አፍላው።

3. 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያግኘው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ላይ ካጋደምከው 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል። የግድግዳ ጥላ ዞሮ እንዳይሸፍነው ቦታውን አስቀድመህ እይ። ከሰማዩ ግማሽ በላይ በደመና ከተሸፈነ 2 ቀን ይፈልጋል። ዝናቡ ካላባራ ግን አፍላ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጨምር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እንግዳ መጣ ብለህ ቀድመህ ያወረድከውን ውሃ ለልጅ አታጠጣ። ለብ ብሏልና በቅቶታል አትበል።

4. ከዚያው ሃይላንድ ቅዳ። ክሎሪን ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ የፀሐይ ጨረር ግን አብሮት አይቀርም። ባልታጠበ እንስራ ከገለበጥከው የቀኑ ልፋት ከንቱ ነው። ያሰጣኸውን በማግስቱ ጨርሰው።

5. በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የአልትራቫዮሌት መብራት ከገዛህም ሕጉ ያው ነው፤ ውሃው ይጥራ። አምፖሉ እየበራም ቢሆን ኃይሉ ይደክማል፤ ብዙዎቹ በዓመት ይለወጣሉ። መብራት በጠፋ ሰዓት ያለፈው ውሃ ያልታከመ ነው። ጨረሩን በዓይንህ አትይ።

6. ከፀሐይ የማይሆነውን አትጠብቅ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ አለ፤ እሱን ፀሐይም ማፍላትም አያወጡትም። ጉድጓድህ እዚያ ከሆነ፣ ልጆችህ ከመጠጣታቸው በፊት ሄደህ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።