ገላጭ ድርሰት፦ በንጽጽር ማስረዳትና የንጽጽር ወሰን

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ሥዕላዊ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የተፈጸመውን ነገር በቅደም ተከተል ይነግራል፤ ሥዕላዊ ድርሰት የታየውን ነገር አንባቢው በዓይነ ኅሊናው እንዲያየው ያደርጋል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ገላጭ ድርሰትን ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ያስረዳል።

ለማስረዳት ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በዓይን የማይታይ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስረዳ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ አንባቢው ከሚያውቀው ነገር ጋር ያነጻጽረዋል። ንጽጽር ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ አንባቢውን ያሳስታል፤ ሁለት ነገሮች በአንድ በኩል ቢመሳሰሉ በሌላው በኩል ይለያያሉና። ስለዚህ ጥሩ ጸሐፊ ንጽጽሩን ካቀረበ በኋላ መመሳሰሉ የት ላይ እንደሚያበቃም ይናገራል።

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ ጸሐፊው ምንን ከምን ጋር እንዳነጻጸረ፣ ንጽጽሩንም የት ላይ እንዳቆመ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

ለሌሊት የምትቀመጥ ፀሐይ

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን በሚባለው የገበያ ስፍራ ከውጭ አገር የገቡ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ይሸጣሉ። አንድ የገጠር ሰው ወደዚያ ገበያ ሄዶ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት እያገላበጠ፣ «ፀሐይ ስትጠልቅስ በምን ይበራል?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ነጋዴው፣ «ባትሪ አለው» ብሎ ይመልስለታል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የዘመናችንን ተመራማሪዎች የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ በቀን ለሁሉ ትተርፋለች፤ ሌሊት ግን የለችም። ለአንዲት መብራት ትንሽ ባትሪ ይበቃል። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ዳገት ለሚወጣው ከባድ መኪና ወይም ለሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ግን አይበቃም፤ ለእነዚህ ብዙ ኃይል በጥቂት ቦታ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ነዳጅ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ታዲያ የፀሐይን ኃይል በነዳጅ መልክ ማስቀመጥ ይቻል ይሆን?

ይህን ጥያቄ ከያዙት ተመራማሪዎች አንዷ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። ፕሮፌሰር ሶስና በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ታዋቂው የግእዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው በመጡ ጊዜ አባትየው በጥይት ቆሰሉ፤ ከዚያም ጀምሮ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ እግራቸው አልታዘዘላቸውም። ቤተሰቡ ተሰዶ በአሜሪካ ሚኒሶታ በተባለው ክፍለ ግዛት ተቀመጠ። አባትየው በዚያ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት እየመረመሩ ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ፣ ልጃቸው የቁስ አካልን ውስጣዊ አሠራር ወደ መመርመር አዘነበሉ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምረው እ.ኤ.አ. በ1992 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በኋላም በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የማስተማርና የምርምር ሥራቸውን ቀጠሉ።

እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከመረመሯቸው ነገሮች አንዱ ሴሪየም ኦክሳይድ ነው። ኦክሳይድ ማለት አንድ ንጥረ ነገር ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ውሑድ ነው፤ የብረት ዝገትም ከዚሁ ወገን ነው። በሴሪየም ኦክሳይድ ውስጥ ለእያንዳንዱ የሴሪየም አተም ሁለት የኦክሲጅን አተሞች ይገኛሉ። ይህ ኦክሳይድ ወደ 1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል ሳይቀልጥ ከኦክሲጅኑ ጥቂቱን ይለቅቃል። ከዚያም ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ የውሃ እንፋሎት ሲያልፍበት፣ የጎደለውን ኦክሲጅን ከውሃው ይወስዳል። ውሃ የሃይድሮጅንና የኦክሲጅን ውሑድ ስለሆነ ኦክሲጅኑ ሲወሰድ ሃይድሮጅኑ ይቀራል። ሃይድሮጅን ነዳጅ ነው፤ ሲነድም የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ነው እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። በውሃ እንፋሎት ፈንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያልፍበት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገኛል። ከሁለቱ ጋዞች፣ ማለትም ከሃይድሮጅንና ከካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ፈሳሽ ነዳጅ ማዘጋጀት ይቻላል።

ይህን ኦክሳይድ ሸክሙን አራግፎ ለሌላ ጭነት ከሚመለስ ግመል ጋር ልናነጻጽረው እንችላለን። በብርቱ ሙቀት ያራግፋል፤ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ይጫናል። ግመሉ በአንድ ጉዞ አያልቅምና ያንኑ መንገድ ደጋግሞ ይሄደዋል። ይሁን እንጂ መመሳሰሉ እዚህ ላይ ያበቃል። የግመል ሸክም ከግመሉ አካል ውጭ ነው፤ ኦክሲጅኑ ግን የኦክሳይዱ የራሱ አካል ክፍል ነው። ግመል የተዘጋጀ ጭነት ይጫናል፤ ኦክሳይዱ ግን ሸክሙን የሚያገኘው ውሃን ከፋፍሎ ነው። ለዚህም ሥራ ኃይሉን የምትሰጠው ፀሐይ ናት እንጂ ኦክሳይዱ ከራሱ አያመነጨውም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፕሮፌሰር ሶስናና አብረዋቸው የሠሩ የአሜሪካና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ የተጠራቀመ የፀሐይ ብርሃንን በሚተካ ብርቱ መብራት ምድጃቸውን አግለው ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ኦክሳይዱ ለ500 ዙር ሥራውን ደጋግሞ ፈጸመ። ነገር ግን ከገባው የብርሃን ኃይል ወደ ነዳጅነት የተለወጠው ከ0.7 እስከ 0.8 በመቶ ብቻ ነበር። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ተመራማሪዎቹ ይህን ቁጥር ሳይደብቁ ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ያንኑ ኦክሳይድ በተሻሻለ ምድጃ ውስጥ ተጠቅመው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲከፋፍሉ ውጤቱ ከ5 በመቶ በላይ ሆነ። በታይዋን ገበያ ለጠየቀው ሰው ሙሉ መልስ ገና አልተገኘም፤ መንገዱ ግን ተጀምሯል።

ሐ. ማብራሪያ

ጸሐፊው ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው እንደሄደ ልብ በሉ። መብራቱና ግመሉ የታወቁ ናቸው፤ ኦክሳይዱ የማይታወቅ ነው። ከዚህም በላይ «ኦክሳይድ» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳይናገር አላለፈም።

አሁን ደግሞ ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ።

«ሴሪየም ኦክሳይድ ፀሐይን እየጠጣ ነዳጅ የሚያመነጭ ተአምረኛ ድንጋይ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ አንባቢውን ግን ያሳስታል። «የሚያመነጭ» የሚለው ቃል ነዳጁ ከድንጋዩ የሚፈልቅ ያስመስላል። ውሃው ከነአካቴው አልተነሣም። «ተአምረኛ» የሚለውም ቃል «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቀውን አንባቢ አፉን ያስይዘዋል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አምኖ የተቀበለ ሰው፣ ነገ አንድ አታላይ «ይህ ዕቃ ያለ ምንም ኃይል ውሃን ነዳጅ ያደርጋል» ብሎ ቢያቀርብለት ገንዘቡን አውጥቶ ይገዛዋል። በትክክል የተጻፈ ገላጭ ድርሰት ግን አንባቢውን፣ «ኃይሉ ከየት መጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምረዋል። ዓረፍተ ነገሩ ቢታረም እንዲህ ይሆናል።

«ሴሪየም ኦክሳይድ በፀሐይ ሙቀት ግሎ ኦክሲጅን ከለቀቀ በኋላ የጎደለውን ከውሃ ስለሚወስድ ሃይድሮጅን ይገኛል።»

የቃላትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካላዊ ለውጥን ፍጥነት የሚጨምር ነገር ነው። በብዙ አውቶሞቢሎች ጭስ ማውጫ ውስጥ ሴሪየም ኦክሳይድ ኦክሲጅን እየያዘና እየለቀቀ የካታሊስቱን ሥራ ያግዛል። በምንባቡ ውስጥ ግን ኦክሳይዱ ራሱ በለውጡ ውስጥ ይገባል፤ በአንደኛው ደረጃ ይጎድላል፣ በሁለተኛው ይሞላል። ጸሐፊው «ካታሊስት» ሳይለው ያለፈው ስለዚህ ነው።

መ. ሰዋስው

ምክንያትንና ተቃርኖን የሚያመለክቱ አያያዦች

1. «-ና» ከስም ጋር ሲሆን ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፤ ምሳሌ፦ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን። ከማሰሪያ አንቀጽ ጋር ሲሆን ግን ምክንያትን ሊያመለክት ይችላል፤ ምሳሌ፦ ግመሉ በአንድ ጉዞ አያልቅምና መንገዱን ደጋግሞ ይሄደዋል።

2. «ስለ-» ከስም ጋር ሲሆን የሚነገርበትን ጉዳይ ያመለክታል፤ ምሳሌ፦ ስለ ነዳጅ ጻፈ። ከግሥ ጋር ሲሆን ምክንያትን ያሳያል፤ ምሳሌ፦ ኦክሲጅን ስለጎደለው ከውሃ ወሰደ።

3. «እንጂ» አንዱን አጽንቶ ሌላውን ያፈርሳል፤ ምሳሌ፦ ኃይሉን የምትሰጠው ፀሐይ ናት እንጂ ኦክሳይዱ አይደለም።

4. «ይሁን እንጂ» ከላይ የተነገረውን ሳያፈርስ ወሰኑን ያሳያል። ንጽጽርን ለማቆም ተስማሚ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሠ. መልመጃ

አንድ፦ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ትንሽ ባትሪ ለመብራት የሚበቃው፣ ለከባድ መኪና የማይበቃው ለምንድን ነው?
2. ኦክሳይዱና ግመሉ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. ተመራማሪዎቹ 0.7 በመቶ የሚለውን ቁጥር ባይጽፉ ኖሮ አንባቢው ምን ይጎድልበት ነበር?

ሁለት፦ የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው አያያዥ አንድ አድርጉ።

1. ፀሐይ ሌሊት የለችም። ኃይሏን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። (ስለ-)
2. ሙከራው ተሳካ። የተገኘው ነዳጅ ጥቂት ነበር። (ይሁን እንጂ)
3. ዝገት ብረትን ይበላል። ብረቱን ቀለም ቀባው። (-ና)

ሦስት፦ ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።

1. እርሾ ሊጥን እንዴት ያቦካል?
2. ብረት ለምን ይዝጋል?
3. ባትሪ ኃይልን እንዴት ይይዛል?

በመጀመሪያው አንቀጽ አንባቢው ከሚያውቀው ነገር ተነሡ። በሁለተኛው ንጽጽራችሁን አቅርቡ። በሦስተኛው መመሳሰሉ የት ላይ እንደሚያበቃ በግልጽ ተናገሩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰታችሁን ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፤ ከዚያም የተረዳውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። አሳስቶ የነገራችሁን ስፍራ አስምሩበትና እንደገና ጻፉት።