ሕመም የሚሰማን የት ነው?

እህቶቼ፣ እኔም እንደ እናንተ በሰው ቤት ስሠራ አንድ ቀን ካውያ እጄን አቃጠለኝ። እጄን ወዲያው ሳብኩ፤ ማቃጠሉ የተሰማኝ ግን ከሳብኩ በኋላ ነው። ምክንያቱን ያወቅሁት አገሬ ገብቼ ነርስነት ስማር ነው።

የተቃጠለው ቆዳ መልእክቱን በነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ይልካል። «እጅሽን አንሺ» የሚለው ትእዛዝ ከዚያው ይመጣል፤ አንጎልን አይጠብቅም። መልእክቱ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። በአንጎል መካከል ያለው ታላመስ የሚባል ክፍል እንደ ፖስታ ቤት ተቀብሎ ያከፋፍለዋል። አንዱ ክፍል ሕመሙ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። ኢንሱላና ሲንጉሌት የሚባሉት ደግሞ ሕመሙ እንዲያስጨንቀንና እንዲያስከፋን ያደርጋሉ። በግንባራችን በኩል ያለው ክፍል «ምን ይሻላል?» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ሕመም በአንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የለውም፤ ብዙ ክፍሎች አብረው ይሠሩበታል።

በዚያው ቤት ሳለሁ የእናቴን መርዶ በስልክ ሰማሁ። አገር ቤት ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳኝ ነበር። እኔ ግን ብቻዬን ማድቤት ቆሜ ነበር። ደረቴን ወጋኝ፣ እህል አልወርድልህ አለኝ። ማዳም «ምንም አልሆንሽም፣ ታስመስያለሽ» አለችኝ። እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ።

በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመራማሪዎች ሰዎችን በኮምፒውተር የኳስ ጨዋታ አጫወቱ። ከጨዋታው የተገለሉት ሰዎች አንጎል ሲታይ፣ ቁስል ሲያመን የሚነቃው ሲንጉሌት ነቅቶ ተገኘ። የልብ ሐዘንና የቁስል ሕመም አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሐዘንም ግን በአንጎል ውስጥ የሚታይ እውነተኛ ነገር ነው። እኔም አላስመሰልኩም ነበር።

አንጎል ሕመምን ይቀንሳልም። ኢንዶርፊን የሚባል የራሱ ማስታገሻ አለው። ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ያብሳሉ፤ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ እንቅልፍና ከምናምነው ሰው ጋር መነጋገር ያቀሉታል። በመርዶው ሳምንት እኔን ያቀለለኝ፣ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ያገኘኋት የጎረቤት ሠራተኛ አብራኝ ማልቀሷ ነው።

ነገር ግን ሕመም ማስጠንቀቂያም ነውና ዝም አታሰኙት። ከተቃጠላችሁ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙ፤ የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አትቀቡ። በጣም የጠለቀ ቃጠሎ ነርቩን ስለሚገድል ላያም ይችላል፤ «አላመመኝም» ብላችሁ አትተዉት፣ ሐኪም ይየው። ደረት የሚጨቁን ወይም በድንገት የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት ካለ ደግሞ ለነገ አይባልም። ለማዳም ስትነግሩም የት እንደሚያም፣ መቼ እንደጀመረና ምን እንደሚያብሰው ለይታችሁ ንገሩ።

ለውይይት፦
1. «ታስመስያለሽ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን መለሳችሁ?
2. ሲከፋችሁ የምትነግሩት ሰው ማን ነው? እናንተስ የማን ሰሚ ናችሁ?