አማካዩን ከማስላታችን በፊት ቁጥሮቹን እንያቸው

የመረጃ አሰሳ ማለት ቁጥሮችን ደምሮ ከማካፈል በፊት መልካቸውን መመርመር ነው። «ትምህርቱን ከየት እናግኘው?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው መጽሐፍ በእርሳስና በወረቀት የሚሠሩ ዘዴዎችን ያስተምራል። ኮምፒዩተር ያገኘ ደግሞ «አር» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሊለማመድ ይችላል። ሆኖም ከሁሉ የሚቀርበን መማሪያ የክፍል ውጤት መዝገብ ነው።

ለምሳሌ ስምንት ተማሪዎች ከመቶ 31፣ 86፣ 34፣ 89፣ 36፣ 81፣ 39 እና 84 አገኙ እንበል። አማካዩ 60 ነው። «ደህና ክፍል ነው» ብለን ልናልፍ እንችላለን። አሁን ግን ቱኪ ካስፋፋቸው ዘዴዎች በአንዱ፣ የአሥር ቤቱን በግራ፣ የአንድ ቤቱን በቀኝ እንጻፍ፦

3 | 1 4 6 9
4 |
5 |
6 |
7 |
8 | 1 4 6 9

60 አካባቢ ያገኘ አንድም ተማሪ የለም! ለ«አማካይ ተማሪ» ብለን ብናስተምር አራቱ ወደኋላ ይቀራሉ፣ አራቱ ደግሞ ይሰለቻሉ። ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ፣ ከማካፈላችን በፊት ይህችን የአምስት ደቂቃ ሥራ እንሥራ። አራቱ ለምን ወደቁ ብለን መጠየቅ የምንጀምረው ያን ጊዜ ነው።