ምላጭን በድንጋይ ስለ መሳልና ስለ ንጽሕናው

በየቤታችን ምላጭ አይጠፋም። ቁንጮው ወይም ጋሜው ተትቶ የሕፃኑ ራስ የሚላጨው፥ የአባወራውም ጢም የሚነሣው በእርሱ ነው። ታዲያ ምላጩ ሲዶለዱም ብዙዎቻችሁ የምታደርጉትን እናውቃለን፤ መጥረቢያና ማጭድ በሚሳልበት የደጃፍ ድንጋይ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ትስሉና ወዲያው ወደ ልጁ ራስ ትመለሳላችሁ። ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት አለው፤ አንዱ በስለቱ ላይ ነው፥ ሁለተኛውና የባሰው በልጁ ላይ ነው።

መሳሉንስ አንነቅፍም። የዶለዶመ ምላጭ ጠጉሩን በመቁረጥ ፈንታ ይጎትታል፤ እጅም ስለሚጫን ቆዳው ይቦጨቃል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል፥ ዝንብም ያርፍበታል። ነገር ግን ድንጋይ ሁሉ ምላጭ አይስልም። የመጥረቢያው ድንጋይ አሸዋማ ስለሆነ ቅንጣቱ ስለቱን ይጭረውና እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል። ለምላጭ የሚሆነው ደቃቅ ድንጋይ ነው። በቤልጅግ አገር ከመሬት የሚወጣ ቢጫ ድንጋይ ለዚሁ ሥራ የታወቀ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ጠንካራ ፍሬዎች ስላሉበት ብረቱን ቀስ አድርጎ ይበላዋል። እኛ ግን ያን ያህል ርቀን መሄድ የለብንም። ወንዝ ወርዳችሁ ጠፍጣፋ፥ ስንጥቅ የሌለበት፥ ውሃ ሲያፈሱበት ቶሎ የማይጠጣ ድንጋይ ፈልጉ። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እሹበት፤ ጥፍሩን ከጫረው ተዉት፥ ካለሰለሰው ያዙት። ባልጩት እንደ ጠርሙስ ልሙጥ ስለሆነ አይረባም። ፊቱ ጎርበጥ ካለ፥ በሰፊ ድንጋይ ላይ ደቃቅ አሸዋና ውሃ አድርጋችሁ እህል እንደምትፈጩ እያሻችሁ አስተካክሉት።

ሲሳል ድንጋዩ እርጥብ ይሁን። ምላጩን ጋደም አድርጉት፤ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን ይንካ። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ስስ ቅርፊት እንደምትልጡ ሁሉ ስለቱን አስቀድማችሁ ግፉት፤ ሲመለስ በጀርባው በኩል ገልብጡት። እንደ ማጭድ ጀርባውን ከፍ ማድረግ ስለቱን ያጠፋዋል፤ ኃይልም አያስፈልግም፥ የእጅ ክብደት ይበቃዋል። በመጨረሻ በተወጠረ ቆዳ ላይ ጀርባውን አስቀድማችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡት። መሳሉን በክንድ ጠጉር እንጂ በጣት ጫፍ አትሞክሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በደጃፍ ድንጋይ ላይ አፈርና እበት አለ፤ በአፈርና በእበት ውስጥም የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ይኖራል። ስለዚህ የምላጩ ድንጋይ ለብቻው ይሁን፤ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ። ቅደም ተከተሉም አይዛባ፤ አስቀድሞ መሳል፥ ቀጥሎ በሳሙና ማጠብ፥ በመጨረሻ መቀቀል ነው። ቀቅሎ መልሶ መሳል ድካምን ማፍሰስ ነው። ውሃው ፈልቶ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ምላጩ 20 ደቂቃ ይቆይበት፤ ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ ሳይበረታ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። እጀታው ይበላሻል ብላችሁ አትሳሱ፤ እጀታ ይተካል። አንዱ የተላጨበትም ሳይቀቀል ለሌላው አይለፍ፤ የኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ቫይረሶች ለዓይን በማትታይ የደም ጠብታ ይተላለፋሉና። ከሁሉ የሚሻለው ለየሰው የየራሱ ምላጭ ነው።

እትብት ለመቁረጥ ግን በድንጋይ የተሳለ ምላጭ፥ ምንም ያህል ቢያምር፥ ፈጽሞ አይሁን። የመንጋጋ ቆልፍ ዘር ብርቱ ስለሆነ መቀቀል ሁልጊዜ አይገድለውም። ሕፃኑ ደህና ተወልዶ፥ ጥቂት ቀን በደንብ ጠብቶ፥ ከዚያ አፉ ይያዝና ጡት ይተዋል፤ ሰውነቱም እንደ እንጨት ይደርቃል። አንዳንዶች ይህን የዓይን ነው ይላሉ፤ ነገሩ ግን የምላጩና በእትብቱ ላይ የሚደረገው እበት ነው። እርጉዝ እናት በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትውሰድ፥ ወልዳም የምትገላገለው በጤና ጣቢያ ይሁን። ምጡ ድንገት ቢቀድማት፥ ወረቀቱ ያልተከፈተ አዲስ ምላጭ ከወዲሁ ተገዝቶ በቤት ይቀመጥ፤ የምታዋልደውም እጇን በሳሙና ትታጠብ። በእትብቱ ላይ እበትም፥ ቅቤም፥ አመድም አይደረግ። የሠራበትም ምላጭ ልጆች እንዳያገኙት በመጸዳጃ ጉድጓድ ይጣል።