የተፈታው ዘውድ፦ የአየር ኃይል የክንድ አርማ እንደ ታሪክ ምንጭ

በትምህርት ክፍላችን «የታሪክ ምንጭ» ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ብራና፣ ደብዳቤና መዝገብ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ከመዳፍ የማይበልጥ ጨርቅ ነው። የአየር ኃይል ሰዎች በበረራ ቱታቸውና በጃኬታቸው ላይ የሚያሰፉትን የስኳድሮን አርማ ማለቴ ነው። እስካሁን ሰባት ሰብስቤያለሁ። ከሰባቱ አንዱን በገዛ እጄ አበላሽቼዋለሁ፤ ብዙውን ትምህርት ያገኘሁትም ከእሱ ነው።

የምኖረው አቃቂ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ አቃቂ ሜዳ ላይ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1928 ዓ.ም ያዘዛት ትንሿ አየር ኃይልም ከዚሁ ሜዳ ትነሳ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ማዕከሉ በዚያው መንገድ ወደ ታች፣ ቢሾፍቱ ሆነ። መጀመሪያ በካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የሚመሩት ስዊድናውያን አሠለጠኑ፤ በ1945 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ውል ከተፈረመ ወዲህ ደግሞ አሜሪካኖች ገቡ። አርማ መስፋት አሜሪካኖቹ አብዝተው የሚወዱት ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዋልት ዲዝኒ ሠዓሊዎች ብቻ ለልዩ ልዩ የጦር ክፍሎች ከሺህ በላይ አርማ ነድፈዋል። የእኛም ልጆች አሜሪካ ሄደው ስለሠለጠኑ ልማዱ ከኤፍ-86ቱና ከኤፍ-5ቱ ጋር አብሮ የመጣ ይመስለኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አርማውን ያገኘሁት ከልዋጭ ነጋዴ ነው። በየሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ሳሕንና ባልዲ በአሮጌ ልብስ የሚቀይረው ሰውዬ አንድ ቀን ከጆንያው ውስጥ የነተበ ቱታ እጅጌ ሲጎትት አየሁ። እጅጌው ላይ የአንበሳ ራስና ክንፍ የተጠለፈበት ክብ ጨርቅ ተሰፍቷል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብል በልቶታል፤ ከአንበሳውም ራስ በላይ ጨርቁ ሳሳ ብሏል። ሳልከራከር ገዛሁት። ቤት ገብቼ ስፌቱን ስፈታው ጀርባው ላይ የደበዘዘ የቀለም ጽሑፍ አለ። ዘይትና አቧራ ስለጠጣ አልነበብ አለኝ። «ቢታጠብ ይነበባል» ብዬ በኦሞ ዘፈዘፍኩት፤ እድፉ አልለቅ ሲል በረኪና ጠብ አደረግሁበት፤ ሲደርቅም በካውያ ደፈጠጥኩት። ንጹሕ ሆነ። ጽሑፉም አብሮ ጠፋ።

በኩራት ይዤው ሰፈራችን ወዳሉ አንድ ጡረተኛ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት፣ አሸተቱት። «ምን አደረግከው? የሃይድሮሊክ ዘይት መሽተት የነበረበት ነገር ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉኝ። ቀጥለው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ወጠሩት። «ና እይ፤ ይሄ ብል አይደለም።»

እውነትም ከአንበሳው ራስ በላይ ያለው ሳሳ ያለ ቦታ የብል ሥራ አልነበረም። ብል ሲበላ ቀዳዳው ዙሪያው ወጣ ገባ ይሆናል፤ ጨርቁንም ክሩንም አይለይም። እዚህ ግን ጨርቁ ደህና ነው፤ ያለው የመርፌ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡን በእርሳስ ተከትዬ በስስ ወረቀት ላይ ስገለብጠው ባለ መስቀል ዘውድ ወጣ። አንድ ሰው በመርፌ እያነሳ ክር በክር ፈትቶታል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን ወርደው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዘውዱ ራሱ በአዋጅ ተሻረ። ስለዚህ አርማው የተጠለፈው ከዚያ በፊት፣ የተፈታውም ከዚያ በኋላ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ሰውየው አዲስ አርማ አልጠበቀም ወይም አላገኘም፤ አሮጌውንም አልጣለም። ዘውዱን ብቻ አውጥቶ ለብሶት ሥራ ገብቷል። ምናልባትም በ1969 ዓ.ም ክረምት ኤፍ-5ዎቹ ኦጋዴን ላይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር ሲዋጉ ይሄው ቱታ እዚያው ነበር፤ ይህን ግን ማረጋገጥ አልችልም። ማረጋገጥ የሚቻልበትን ስም በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ዕድሜውንስ በሌላ መንገድ መለየት አይቻልም ወይ? መንገዶች አሉ። አንደኛው ጠርዙ ነው፦ ወፍራም ሆኖ በማሽን የተዘመዘመ ጠርዝ በብዛት የመጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጠው የቀሩ ናቸው። ከጀርባው አንዲት ክር መዝዞ ማቃጠልም ይረዳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል፤ ናይለንና ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይድቦለቦላል። ሰብሳቢዎች የሚተማመኑበት ሌላው መፈተኛ አልትራቫዮሌት መብራት ነው። ሱቆች የብር ኖት የሚያዩበትን ሐምራዊ መብራት ጎረቤታችን ባለሱቅ አበድሮኝ ሞክሬያለሁ። የድሮ የጥጥ ክር ጨለም ብሎ ይታያል፤ ዛሬ የተሠራ አስመስሎ ቅጂ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ያበራል። የእኔው አርማ አምፖል መሰለ! ምክንያቱም የልብስ ሳሙናዎች ነጭ የሚያስመስል ንጥረ ነገር አለባቸው፤ እሱ ጨርቁ ላይ ይቀርና በዚያ ብርሃን ያበራል። ስለዚህ ዛሬ ይህን አርማ ለማያውቀኝ ሰው ባሳየው «ትናንት የተሠራ ነው» ቢለኝ የምመልሰው የለኝም፤ የቀረኝ ክርክር የመርፌው ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ጋሼ የራሳቸው አርማ አላቸው። እንዲሸጡልኝ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ክንዴን ነው የምትገዛኝ?» ግን ፎቶ እንዳነሳው ፈቀዱልኝ፤ የት እንደተሰጣቸው፣ ማን እንደሰፋላቸው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም ሠራዊቱ ሲበተን የት ደብቀው እንዳቆዩት አንድ ሰዓት ሙሉ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ገጽ ከገዛኋቸው ከሰባቱም ይበልጥብኛል። ከዚያ ወዲህ መግዛት ትቼ መመዝገብ ጀምሬያለሁ። ለእያንዳንዱ አርማ አንድ ካርድ አለኝ፦ ከማን ልብስ ላይ እንደወጣ፣ በየትኛው ክንድ ወይም ደረት ላይ እንደነበረ፣ በምን ክር እንደተሰፋ፣ ማን እንደነገረኝ። አሁን ሥራ ላይ ያለ የሠራዊት ልብስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አልነካም፣ እናንተም አትንኩ።

ልዋጩን ሰውዬ ፈልጌ አግኝቼው ነበር። ቱታውን ከየትኛው ቤት እንደወሰደ አያስታውስም፤ «ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ስዞር የዋልኩበት ቀን ነው» አለኝ፤ በምትኩ ሰማያዊ ባልዲ እንደሰጠ ግን ትዝ ይለዋል። ከማጠቤ በፊት ያየሁት ጽሑፍ በ«ተ» ወይም በ«ቸ» የሚጀምር ይመስለኛል፤ ከአጠገቡም ቁጥር ነበረው። በዚያ አካባቢ አባቱ ወይም አያቱ አየር ኃይል የነበሩ፣ ቤታቸውም በቅርቡ አሮጌ ቱታ በባልዲ የተለወጠ ተማሪ ካለ፣ በትምህርት ክፍሉ ቢሮ በኩል ያግኘኝ። አርማውን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።